ኀያሉና የቤቱ ሕግ

ከአሮጌው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ደንቦች ሁሉ የእኔን ልብ አስቀድሞ የሚይዘው የማሸነፊያው ሕግ ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጫወተው ቼስ ንጉሡ መፈናፈኛ ካጣ ጨዋታው አለቀ ይላል፤ በማን እጅ እንደ ተያዘ አይጠይቅም። አባቶቻችን ግን ይጠይቁ ነበር። ንጉሥን በደር የገደለ ሰው አሸነፈ ቢባልም የሚያኮራ ድል አልነበረውም። በፈረስ የገደለም ከዚያ ብዙ አይሻልም። በፈርዝ ወይም በፊል የጨረሰው ግን ይመሰገናል። መደቆቹን አስተባብሮ፣ እነዚያን አንዲት እርምጃ ብቻ የሚራመዱ እግረኞች አሰልፎ ንጉሥ ያስጨነቀ እንደሆነ ደግሞ ታዳሚው ሁሉ ያደንቀዋል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ የድንጋዮቹን ጠባይ ባጭሩ ልንገር። ደር የዛሬው ቼስ ግንብ ነው፤ መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ቀጥ ብሎ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። ፈረስ እንደ ዛሬው ይዘላል። ፈርዝ የሚቆመው ዛሬ ንግሥት በምትቆምበት ስፍራ ቢሆንም በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ነው የሚራመደው። ፊል፣ አንዳንዶች ሰባ የሚሉት፣ በሰያፍ ሁለተኛዋ ቤት ላይ ይዘላል፤ ስለዚህም ከሰሌዳው ላይ ሊረግጣቸው የሚችላቸው ቤቶች በጣም ጥቂት ናቸው። መደቅ እግረኛ ነው። እንግዲህ በዚህ ሠራዊት ውስጥ ጉልበት ያላቸው ደርና ፈረስ ብቻ መሆናቸው ግልጽ ነው። ሌላው ሁሉ ደካማ ነው።

እንዲህ ያለ ጨዋታ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ኀያሉ ድንጋይ ሁሉን ነገር ይወስናል፤ የቀረው ሠራዊት አጃቢ ይሆናል። ችግሩን ለማስተካከል የሚቀለው መንገድ የደሩን እግር ማሳጠር ነበር። ሰንጠረዥን ያበጁ ሰዎች ይህን አላደረጉም። ደሩ ጉልበቱን እንደ ያዘ ይሂድ፣ ይግደል፣ ያስፈራራ ብለው ተዉት፤ የነሡት የመጨረሻውን ክብር ነው። ጦርነቱን የሚያሸንፈው እሱ ሊሆን ይችላል፣ ዘውዱን የሚያወርደው ግን ሌላ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ከዚህ የበለጠ ብልሀት ያለው የጨዋታ ደንብ አላውቅም፤ ለምን እንዲህ እንደምል ወደ ኋላ ይገለጻል።

ስለ ሰንጠረዥ የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር ያገኘነው ከውጭ ተጓዦች ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ትግራይ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷል። ከእሱ በኋላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ዋልተር ፕላውደን የጨዋታውን ሥርዐት በሰፊው ጽፏል፤ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ይህን ሁሉ አሰባስበው፣ በሕይወት የነበሩ ተጫዋቾችንም ጠይቀው በ1971 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። ከነዚህ ጽሑፎች እንደምንረዳው ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ ቤቶቹም የሚለዩት በሌላ ቀለም ጥብጣብ በተሠመረ መስመር እንጂ በነጭና በጥቁር አልነበረም። ጨዋታውም ዝም ተብሎ የሚታይ አልነበረም። ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ ይመክራል፣ ይቃወማል፣ ድንጋዩን አንሥቶ እዚህ ቢሆን ኖሮ ብሎ እስከ ማሳየት ይደርሳል። የዛሬ የቼስ ዳኛ ቢያየው ራሱን የሚስት ይመስለኛል።

ሌላው ድንቅ ነገር ወረራ የሚባለው ነው። ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል፣ አንዱ አንዱን ሳይጠብቅ፣ ድንጋዮቻቸውን እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ድንጋይ ሲገደል ነው። በሌላው ዓለም ቼስ ነጭ ቀድሞ በመጀመሩ የሚያገኘው ጥቅም ስንት መጽሐፍ እንዳስጻፈ አንባቢ ያውቃል። እኛ ዘንድ ጥያቄው ከነጭራሹ አይነሣም ነበር፤ ቀዳሚ የለማ!

ወደ ማብቂያው አካባቢም የተሸናፊውን ክብር የሚጠብቅ ደንብ አለ። ባላጋራ ከንጉሡ ሌላ አንዲት ድንጋይ ብቻ የቀረችው እንደሆነ አሸናፊው ያቺ ድንጋይ ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሷ በፊት መግደል አለበት። ብቻውን የቀረ ንጉሥ ደግሞ አይገደልም። ስለዚህ ጉልበተኛው ያገኘውን ሁሉ እየለቀመ ቢበላ ድሉን ራሱ ያጠፋዋል። ሰሌዳውን ባዶ ያደረገ ሰው ንጉሥ የሚይዝበት ጊዜ ያጣል ማለት ነው። ይህም እንደ መጀመሪያው ደንብ ኀያሉን አይከለክለውም፤ ዋጋ ያስከፍለዋል እንጂ።

አውሮፓውያን የሄዱበት መንገድ የተለየ ነበር። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ፣ በስጳኝና በኢጣልያ፣ ያቺን ደካማ ፈርዝ አንሥተው በሰሌዳው ላይ ወዳሻት የምትበር ንግሥት አደረጓት። ጣልያኖች አዲሱን ጨዋታ ያበደው ቼስ እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ጨዋታው ፈጠነ፣ ደመቀ፤ ዓለምንም ወረሰ። ነገር ግን ኀይል አንድ ቦታ ሲጨመር የተቀረው ሁሉ እንደገና መስተካከል ነበረበትና ንጉሡን ከግንቡ ጀርባ የሚያስጠልለው ደንብ ከብዙ የየአገሩ ልማድ በኋላ ነው ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው። እስከዚያ ድረስ የሮም ሰው እንደ ሮም፣ የፓሪስ ሰው እንደ ፓሪስ ይጫወት ነበር። የቤት ሕግ ማለት ይኸው ነው፤ ዓለም ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ከመስማማቱ በፊት እያንዳንዱ ገበታ የራሱ ፍርድ ቤት ነበር።

ሰንጠረዥ ከነገሥታቱና ከመኳንንቱ ቤት ብዙ አልወጣም። እቴጌ ጣይቱ ጨዋታውን ያውቁ እንደ ነበር ይነገራል። በዛሬው ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ያለችው አዲስ ዓለም፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምረው ዋና ከተማቸውን ሊያዛውሩባት ያሰቧት፣ ቤተ መንግሥቱም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ የቀረባት ከተማ ናት። በዚያ ኮረብታ በወጣሁ ቁጥር፣ አሳቡ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ የሰንጠረዥ ጨርቅ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ይዘረጋ ነበር ብዬ ሳላስብ አላልፍም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ እነዚያ ቤቶች ተበተኑ። ጌቶቹ ሞቱ፣ ተሰደዱ፣ ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የተመለሱትም ልጆቻቸውን ያስተማሩት የውጭውን ቼስ ነው። ሰንጠረዥ በጦርነት አልተከለከለም፤ ደንቡን በቃል የያዙት ሰዎች አብረው የሚቀመጡበት ምንጣፍ ጠፋ፣ በዚሁ ቀረ።

ገበጣ ግን አልሞተም። ምክንያቱም የድኻ ነው። መሬት ላይ ጉድጓድ መቆፈርና ጠጠር መልቀም ማንንም አያስቸግርም። በየሓና በመጠራ በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ የተገኙትን ገበታዎች ሊቃውንቱ ወደ ስድስተኛውና ሰባተኛው መቶ ዓመት ይወስዷቸዋል፤ ይህም ማለት ጨዋታው አክሱምን በልጅነቱ የሚያውቅ ነው። ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ ጽሑፍ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ መቶ ያህል ዓይነት አጨዋወት መዝግበዋል። መቶ! እኔ ይህን ቁጥር ሳይ መቶ ጨዋታ አይታየኝም፤ አንድ ጨዋታና መቶ ክርክር ነው የሚታየኝ።

አምቦ ውስጥ በኦሮምኛ ሰዴቃ የሚሉት ሽማግሌዎች አሉ። በልጅነቴ ከሁሉካ ወንዝ በላይ ካለች ዋርካ ሥር የሚጫወቱ ሁለት አዛውንቶችን እየቆምኩ አይ ነበር። ጠጠር በእጅ መቁጠር በእነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ በዐይን ለክቶ መነሣት እንጂ። ከወንዙ ማዶ በሚጫወቱት ዘንድ ደግሞ ይፈቀድ ነበር። ማዶ የለመደ ሰው ወዲህ መጥቶ ጣቱን ወደ ጉድጓዱ ሲሰድ «ኦቦ፣ እዚህ እጅ አይገባም» ይሉታል፤ ይስቃል፣ እጁን ይሰበስባል። አሁን ሳስበው ይህቺ ትንሽ ክልከላ ከባድ ነገር ነበረች። ቆጥሮ የሚጫወት ሰው ተሳስቶ አይገባም፤ በዐይን የሚለካ ግን ሊሳሳት ይችላል፤ በጣም የበረታው ተጫዋችም የሚሸነፍባት ቀዳዳ በዚያች ትከፈታለች። በሰሜን በኩል ባለ አንድ አጨዋወት ደግሞ ባላጋራ ዘንድ ሦስት ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ አራተኛውን የጨመረ ሰው ጉድጓዱን የራሱ ወግ ያደርገዋል። ወግ እየጠራቀመ የሚሄድ ሀብት ነው። ሆኖም ባላጋራው የመጨረሻ ጠጠሩን እዚያ ውስጥ ለመጣል ከቻለ ያችን ጠጠርና ሌላ አንዲት ጨምሮ ይዘርፋል፤ ደግሞም ይደግማል። ሀብታም ይሆናል፤ ግን ተኝቶ አያድርም።

ዳማም አለ። በአምቦ ዳማ ማለት ቆርኪ ነው። ከከተማዋ ምንጭ የሚቀዳው ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ሲሸጥ ኖሯል፤ ጠርሙሱ በከፈተ ቁጥር ለእኛ ለልጆቹ አንድ ወታደር ይወለዳል። አንዱ ወገን ቆርኪውን በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው ይደረድራል፤ ሰሌዳው በከሰል የተሠመረ ካርቶን ነው። ጫፍ የደረሰ ቆርኪ ሌላ ቆርኪ ይደረብለትና ይነግሣል። የነገሠው ቆርኪ በሰያፍ እንደ ልቡ ይበራል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ጨዋታ አይደለም፣ አደን ነው። በእኛ ሰፈር ለዚህ መላ ያበጁት የጋሪ ነጂዎች ነበሩ። መብላት እየቻለ ያልበላ ንጉሥ ይነሣል። ተራ ቆርኪ መብላቱን ቢረሳ ይታለፍለታል፤ ንጉሥ ግን አይታለፍለትም። «ንጉሥ ከሆነ ዐይኑን ይክፈት» ይሉ ነበር። ይህ ሕግ ጊንጪ ወይም ጉደር ይሠራ እንደ ሆነ እኔ አልመሰክርም፤ ከእኛ ሰፈር ጋሪ ተራ ግን ያለ እሱ የሚጫወት አልነበረም።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ጨዋታ ከደጅ ወደ ቤት ገባ። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር በሩን ዘግቶ፣ በኩራዝ ወይም በደካማ አምፖል፣ ካርታ ይጫወታል። ኮንከር ነው። ጆከር የምትባለው ካርታ በማንኛውም ካርታ ቦታ ትቆማለች፤ እሷን ያገኘ ሰው አስማት እንደ ያዘ ይቆጠራል። የጆከርን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች በአሜሪካ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሌላ ጨዋታ ኀያል ካርታ እንድትሆን የተጨመረች ናት ይላሉ፤ ከሌሎቹ ካርታዎች ጋር አልተወለደችም፣ በኋላ የገባች እንግዳ ናት። እኔ ካርታ በተማርኩበት ቤት የቤቱ እመቤት የደነገጉት አንድ ሕግ ነበር፤ ያለ ጆከር የዘጋ ሰው እጥፍ ይከፈለዋል። ገንዘብ አልነበረም፣ ባቄላ ነው፤ ሆኖም በዚያ ሌሊት ባቄላው ከብር ይበልጥ ነበር። ጆከሯን አልከለከሏትም፣ ከእሽጉም አላወጧትም። ጆከር የያዘ ሰው ግን ከእጁ አውጥቶ ይጥላት ወይስ በቀላሉ ይዝጋባት ብሎ ሲያመነታ ፊቱን ማየት ብቻውን ጨዋታ ነበር። እኚህ እመቤት ሰንጠረዥ በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። የደረሱበት ግን ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ የተደረሰበት ቦታ ነው፤ ኀያሉ ይሥራ፣ ክብሩ ግን ያለ እሱ ላሸነፈ ይሁን።

ይህን ነገር በትክክል ያስተዋልኩት በሌላ ጨዋታ ምክንያት ነው። የእኅቴ ልጅ አሜሪካ ሚኔሶታ ያደገ ነው። አንድ ክረምት አምቦ መጥቶ ሲከርም ወፍራም መጽሐፍና መልካቸው ልዩ ልዩ የሆነ ዛሮች፣ ባለ አራት፣ ባለ ስምንት፣ ባለ ሃያ ገጽ፣ ይዞ መጣ። ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ሰሌዳ የለውም ቢባል ይቀላል። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው፣ ጦረኛ፣ ካህን፣ ሌባ፣ አስማተኛ ሆነው፣ በተራኪው ዓለም ውስጥ ይጓዛሉ። የሚሆነውን ከፊል ንግግሩ፣ ከፊል ዛሩ ይወስነዋል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ጋይጋክስ ከሌላ ሰው ጋር ባወጣው የጦርነት ጨዋታ ደንብ መጨረሻ ላይ አስማተኞችን አስገብቶ ነበር፤ እዚያ ላይ አስማተኛው የሚወረውረው እሳት የሚለካው በመድፍና በድንጋይ መወርወሪያ ልክ ነው። እንግዲህ ችግሩ የተወለደው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ሰይፍ የያዘ ወታደር ጎን መድፍ የሆነ ሰው ሲቆም ሰይፉ ምን ይሠራል?

ደራሲዎቹ መፍትሔ ያደረጉት ጃክ ቫንስ ከተባለ ልብ ወለድ ጸሐፊ የተዋሱትን አሳብ ነው። አስማተኛው ድግምቱን ጧት ያጠናል፤ አንዴ ከተናገረው ከአእምሮው ይጠፋል፤ ዳግመኛ እስኪያጠና ባዶ ነው። ጥሩር አይለብስም፣ ሰውነቱ ደካማ ነው፣ በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ድግምት ብቻ ነው ያለው። ታዲያ እስኪያድግ ድረስ ከኋላ ተደብቆ ይኖራል፤ ካደገ በኋላ ግን ጦረኛውን ሥራ ፈት ያደርገዋል። ይህ ነገር ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ ታትሟል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው እትም አስማተኛው ትኩረት የሚፈልጉ ድግምቶችን ከአንድ በላይ በአንድ ጊዜ እንዳይዝ፣ ሲመታም ትኩረቱ እንዲፈተን አድርጓል። ሆኖም ዋናው ፍርድ ሁልጊዜ የገበታው ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ ራሱ አንባቢው የጎደለውን ከራሱ እንዲጨምር ይጋብዝ ነበር፤ በኋላ ጋይጋክስ ሁሉም በአንድ ደንብ ይጫወት ማለት ቢጀምርም የሰማው ጥቂት ነው።

ወደ አምቦ ልመለስ። ልጁ የሰፈሩን አራት ወጣቶች ሰበሰበ፤ እኔ ወንበር ስቤ ጥግ ተቀመጥኩ። የተራኪው ዓለም ከእነሱ ዓለም የራቀ እንዳይሆን ብሎ ጉዞውን ከአዲስ ዓለም አስጀምሮ፣ በጊንጪ አሳልፎ፣ በአምቦና በጉደር በኩል ወደ ባኮ ወሰደው። አስማተኛ የሆነችው የጎረቤቴ ልጅ ነበረች፣ ጎበዝ ልጅ ናት። በአራተኛው ቀን ጊንጪ አጠገብ ያደፈጡትን ሽፍቶች በአንድ የእሳት ኳስ ጨረሰቻቸው። ጦረኛ የሆነው ወጣት ሰይፉን ገና ከአፎቱ እየመዘዘ ነበር። ዛሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እኔ ታዲያ ለምን መጣሁ?» አለ። በሚቀጥለው ቀን አልመጣም።

ያን ዕለት ማታ ልጁ መጽሐፉን ሲያገላብጥ አመሸ። «አጎቴ፣ እዚህ አገር አስማት ምን ይከለክለዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። በእኛ አገር ወሬ ውስጥ ያለ ገደብ የሚሠራ አስማት የለም። ሥር የሚነቅል ሰው ማለዳ፣ አፉን ሳይፈታ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገር ይነቅላል ይባላል። ደብተራው ይጾማል፣ ከሴት ይርቃል። ከሁሉ በላይ የታወቀው ደግሞ መድኃኒት ውሃ ከተሻገረ ይረክሳል የሚለው ነው። (ከአምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተረጎመው ማክቤዝ ውስጥም ቢሆን የጠንቋዮቹ ቃል ቀዳዳ አለው፤ ከሴት የተወለደ አይገድልህም የተባለው ንጉሥ የሞተው በዚያችው ቀዳዳ ነው።) ይህን ነገርኩት። ዐይኑ በራ። በማግስቱ ሕጉን አወጣ፤ አስማተኛ ወንዝ በተሻገረ ቁጥር ያጠናው ድግምት ሁሉ ይጠፋል።

ይህን ሕግ በምዕራብ ሸዋ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ አገሩን ያየ ያውቃል። አዋሽ ራሱ የሚነሣው ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። አምቦ ሲገቡ ሁሉካ አለ። ከዚያ ጉደር፤ ባኮ አካባቢ ደግሞ ጊቤ። ትንንሾቹን ጅረቶች ሳልቆጥር ነው። ጦረኛው ወጣት ወሬውን ሰምቶ ፈገግ ብሎ ተመለሰ። ልጅቷ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ከሠራዊቱ ጓዝ ተሸካሚ ሆነች። ሦስተኛው ቀን ላይ ጉደር ሲደርሱ ክርክሩ ፈነዳ።

«ድልድይ መሻገር ውሃ መሻገር ነው ወይ?» አለች።

ጦረኛው ነው አለ። ካህኑ አይደለም፣ እግር ውሃ ካልነካ አይቆጠርም አለ። ሌባው የገመድ ድልድይና የድንጋይ ድልድይ ይለያያሉ ብሎ ነገሩን የባሰ አወሳሰበው። በበቅሎ ብትሻገርስ? በሰው ጀርባ ብትታዘልስ? አንድ ሰዓት ሙሉ ጨዋታው ቆሞ ሕግ ብቻ ሆነ። ቡና ይዛ የመጣችው የልጁ አክስት ሳትቀር ቆማ ፍርድ ሰጠች፤ በቅሎዋ እንጂ እሷ አልተሻገረችም አለች። የሶልት ታዛቢዎች ዙሪያውን ከበው ድንጋይ ሲያነሡ የታዩኝ ያን ጊዜ ነው። ሳቅ ነበር፤ ግን ልጅቷ እንዳልሳቀች አየሁ። የመጀመሪያው ሕግ ጦረኛውን ከገበታው አስነሥቶት ነበር፤ አዲሱ እሷን ሊያስነሣ ነው።

እኔ ተራኪ አይደለሁም፤ ሆኖም በእድሜ የገፋ ሰው መናገር አይከለከልምና ስለ ሰንጠረዥና ስለዚያች የኮንከር እመቤት ነገርኳቸው። የደሩን እግር የቆረጠ የለም፤ ጆከሯንም ከእሽግ ያወጣ የለም አልኩ። የወንዙ ሕግ ጉልበቱን እየነጠቀ ነው፤ ስለዚህ ያለው ምርጫ ሁሉን መፍቀድ ወይም ሁሉን መከልከል ሆነ። ዋጋውን ለምን አትነኩትም?

ከዚያ በኋላ የሠሩት የእነሱ ነው። በዚህ ጨዋታ ገጸ ባሕርይ የሚያድገው ባካበተው የልምድ ነጥብ ነው። በእሳት የተቃጠለ ሽፍታ ነጥብ አይሰጥም ተባለ፤ ጦረኛው በሰይፍ፣ ሌባው በብልሀት፣ ካህኑ በማስታረቅ ያሸነፉት ግን ሙሉ ነጥብ ለሁሉም ያካፍላል። ልጅቷም ጨምሮ። ስለዚህ እሳቱ አለ፤ ሞት ሲመጣ ይወረወራል፣ ያድናል፤ ግን የተወረወረበት ቀን ማንም አያድግም። ወንዙንም ፈጽመው አልተዉትም። ውሃ ያቋረጠ አስማተኛ አንድ ድግምት ይጥላል፤ የትኛውን እንደሚጥል ራሱ ይመርጣል። ድልድይም ውሃ ነው ተብሎ ተወሰነ፤ በቅሎም አታድንም። አክስቲቱ ይህን ስትሰማ ተቆጣች።

በሚቀጥለው ሳምንት ያየሁት ነገር ከዚህ በፊት አልነበረም። ጉደር ላይ ልጅቷ የትኛውን ድግምት እንደምትጥል ስታሰላ ሌሎቹ አብረው ያሰላሉ። ጦረኛው «እሳቱን አትጣዪ፣ እኔ ፊት እሆናለሁ» ይላል። ማዶ ሲሻገሩ ያደፈጠ ነገር ነበር፤ እሷ ዛር ሳታነሣ ጨረሱት። ነጥቡ ሲታደል ከሁሉ በላይ ደስ ያላት እሷ ነበረች፤ እንደ መደቅ ድል ነበርና።

አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር፤ ሕጉ እስከ መቼ ይጸናል? ከወጣቶቹ አንዱ የሜጫ ኦሮሞ ሕግ የተደነገገበት ኦዳ ቢሲል እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ መሆኑን አነሣ። በትውፊት የሕጉ አባት የሚባለውን መኮ ቢሊን ጠቀሰ፤ በገዳ ሥርዐት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ እንደሚተላለፍ፣ ሕግም ያኔ በጉባኤ እንደሚታይ አስታወሰ። የእነሱ ስምንት ዓመት ሊሆን አይችልም፣ ክረምቱ ሦስት ወር ነው። ስምንት ጨዋታ ይሁን አሉ። በየስምንተኛው ጨዋታ የመጀመሪያው ሰዓት ለሕግ ብቻ ነው፤ ከዚያ በመካከል ክርክር የለም፣ ቅር ያለው ይመዘግባል።

ደብተሩ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ነው፤ የፊተኞቹ ገጾች በሁለት ቀለም ተጽፈው በሦስተኛ ተሰርዘዋል። የወንዙ ሕግ አራት ጊዜ ተለውጧል። በመጨረሻው ስምንተኛ ጨዋታ ቀን የተጻፈው ጊቤን ብቻ የሚመለከት ነው። ጊቤ ሲሞላ አስማተኛዋ ሁለት ድግምት ትጥላለች ይላል፤ ከሥሩ በልጅቷ እጅ ጽሑፍ «የሞላ መሆኑን ማን ይመሰክራል?» የሚል ጥያቄ ተጨምሯል። ልጁ ወደ ሚኔሶታ ተመለሰ፤ አራቱ ግን ከሌላ ተራኪ ጋር መጫወታቸውን ቀጥለዋል። ተራኪ የሆነው ያ ሰይፉን ያስቀመጠው ወጣት ነው።